ነጥቡን ጮክ ብለሽ ጥሪው

አምበር ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርሁ፤ ሥራዬንም አውቀው ነበር። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በየትኛው ደጅ ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ የትኛው አባወራ «ዘንድሮስ መጸዳጃ ቤት እቆፍራለሁ» እያለ ክረምትን በክረምት ላይ እንደደራረበ በቃሌ አውቃለሁ። ምጥ የጀመራት ሴት ከእናቷ ቀጥላ የምታስጠራው እኔን ነበር። ሐምሌ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ፣ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ ከጎጥ ጎጥ ስሄድ የሰፈሩ ውሾች እንኳ አይጮኹብኝም።

የማላውቀው እንግሊዝኛ ነበር።

እርግጥ ፊደሉን አውቃለሁ። የመድኃኒቱን ስም፣ የበሽታውን ስም፣ ሪፖርቱ ላይ ያሉትን ቃላት አነባለሁ። ቃላቱን አሰልፈሽ ዓረፍተ ነገር አድርጊ ስባል ግን ዝናብ እንደመጣበት ገበያተኛ ይበታተኑብኛል። ወደ ደረጃ አራት ለማደግ ደግሞ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተፈተንሁና ወደቅሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ሥራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ ይል ነበር። ጻፍሁ፤ ያውም ገጹን ሞላሁት። ከላይ እስከ ታች ግን አንድ ማቆሚያ ብቻ ነበረው፤ እሱም ቦታው ስላለቀ የተቀመጠ ነው።

ባለቤቴ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ውጤቱን ስነግረው የያዘውን መላጊያ አስቀመጠና፣

«በሚቀጥለው ታልፊያለሽ» አለኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቄ። አስተማሪ ፈልጊያ!»

አስተማሪውን የት እንደማገኝ ያን ጊዜውኑ አውቄ ነበር። ችግሩ እሳቸውን እሺ ማሰኘት ነበር።

የእኔ ቀበሌ በሚጀምርበት በከተማዋ ዳር፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ግማሹ የአምበር ሰው በሳቸው እጅ ያለፈ ነው። በሥራ ዘመናቸው ኃይለኛ ነበሩ አሉ፤ ተማሪ ዓረፍተ ነገር በትንሽ ፊደል ጀምሮ ከተገኘ ደብተሩን መልሰው «ይህ ሰው ራስ የለውም፤ ራስ አውጣለትና አምጣው» ይሉት ነበር። ጡረታ እንደወጡ ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። እኔ ሳውቃቸው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከሬዲዮናቸው ጎን ይቀመጣሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው በየወሩ እየሄድሁ እለካቸዋለሁ።

ከፈተናው በኋላ ስሄድ ለክቼ እንደጨረስሁ፣

«መምህር፣ እንግሊዝኛ ቢያስተምሩኝ ብዬ ነበር» አልሁ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ማንን?»

«እኔን። ለመግቢያ ፈተና። ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው የቸገረኝ፤ የት ጀምሬ የት እንደማቆም አላውቅም።»

«ልጄ፣ ይህ ነገር በዓይን ነው። ኮማ ድምፅ የለውም። ነጥብ ድምፅ የለውም። ማየት ያልቻለ ሰው ምኑን ያርማል?»

«እኔ አነብልዎታለሁ።»

«ያነበብሽው ስሕተት ይሁን ልክ በምን አውቃለሁ? ተይኝ እባክሽ።» እጃቸው ሬዲዮኑን ፈልጎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ንግግራችን አለቀ ማለት ነው።

ባለቤታቸው እስከ በር ሸኙኝ። «አትቀየሚው፤» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ድሮ እኮ በሕልሙም ያስተምር ነበር።»

አልተቀየምሁም። እሺ የማይል ሰው ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ልጇን አላስከትብም ብላ በር የዘጋችብኝን ሴት አጥር ላይ ተደግፌ ስለ በጓ እያወራሁ አስከፍቻታለሁ። የመምህሩም በር የት ጋ እንዳለ መፈለግ ብቻ ነው ብዬ ሄድሁ።

በሚቀጥለው ወር የግፊት መለኪያውን ከክንዳቸው ፈትቼ እያጠፍሁ በረጅሙ ተነፈስሁና፣

«ብለድ ፕረሸር አር ጉድ ቱደይ» አልሁ።

መንጋጋቸው ሲጠብቅ አየሁ። ከዚያ ግን አላስቻላቸውም።

«ኢዝ!» አሉ። «አር አይባልም! ግፊቱ አንድ ነው፤ ለአንድ ነገር ኢዝ ነው!»

«አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ።

በቀጣዩ ጊዜ ስደርስ ባለቤታቸው ቤት አልነበሩም። «እትዬ የት ሄዱ?» ብዬ ጠይቄ ገበያ መሆናቸውን ከነገሩኝ በኋላ፣ «ኦ፣ ሺ ጎ ቱ ማርኬት» አልሁ።

«ሺ ጎዝ! ኤስ የት ሄደ? ሺ ብቻዋን ስትሆን ኤስ ይከተላታል!» ቆም አሉና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ይህን ስሕተት ሆን ብለሽ ነው የምትሠሪው?»

«ግማሹን ሆን ብዬ ነው፤» አልሁ። «ግማሹ የራሴ ነው።»

ያን ቀን ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሳቃቸው እንደ ሳል የሚጀምር፣ ትከሻቸውን የሚነቀንቅ ሳቅ ነው። ሲያበቁ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጅ ሆኜ ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር፤» አሉ። «አንዲት ቃል ዘልዬ ባልፍ ግን ከተቀመጡበት ሆነው ‹ተመለስ› ይሉኝ ነበር። ድምፁ የሚነሣውን ንባብ ብጥለው፣ የሚወድቀውን ባነሣው ይሰማቸዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ ይህ ነገር ለምን ትዝ አላለኝም?»

እኔን መጠየቃቸው አልነበረም።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ፤» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሕጌን ልንገርሽ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ታነቢልኛለሽ። ፉል ስቶፕ ካለ ፉል ስቶፕ በዪ። ኮማ ካለ ኮማ በዪ። ትልቁ ፊደል ጋ ስትደርሺ ካፒታል በዪ። ነጥቡን ጮክ ብለሽ ጥሪው፤ ያልተጠራ ነጥብ እኔ ዘንድ የለም።»

እንዲህ ተጀመረ። እሑድ እሑድ ደጃቸው ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ባለው መደብ እንቀመጣለን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ስላልለቀቀ እሳቸው ጋቢያቸውን ጆሯቸው ድረስ ይከናነቡ ነበርና፣ ትምህርቱ ሲጀመር ብቻ ጆሯቸውን ይገልጣሉ። በእጃቸው ከዘራ አለ። ስሳሳት መሬቱን በከዘራቸው ይመታሉ፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም፤ ራሴ እንድፈልገው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሰላምታው ላይ ተጣላን።

«እስቲ ሃው አር ዩ በዪኝ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ዩ ማለት አንተ ማለት አይደለም እንዴ? እርስዎን እንዴት አድርጌ?»

ከዘራቸውን ጨብጠው ሳቁ። «እንግሊዝኛ እርስዎ የለውም። ንጉሡንም፣ ልጁንም፣ ውሻውንም ዩ ነው የሚለው። በዪ ግድ የለሽም፤ አልቀየምሽም።»

አልሁ። አፌ ግን እየቀፈፈው ነበር፤ አጎንብሼ ነው ያልሁት። ሳያዩኝ እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ «ቀና ብለሽ!» አሉኝ።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ «እኔ» የሚለው ቃል ነበር። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ብቻ ናት፤ «አይ» ትባላለች። የትም ትግባ የት፣ በዓረፍተ ነገሩ መሀልም ብትሆን ሁልጊዜ በትልቁ ነው የምትጻፈው። እኔ ደግሞ መሀል ላይ ሳገኛት ዝቅ አደርጋታለሁ። ሳነብ «ካፒታል» ስለማልል ከዘራው መሬቱን ይመታል።

«ምን አድርጋሽ ነው የምታሳንሻት?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እኔ እኔ ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ።»

«አየሽ፣ እኛ አይ ስንል እምቢ ማለታችን ነው። እነሱ አይ ሲሉ እኔ ማለታቸው ነው። አንቺ በሁለቱም ተጠቀሚ፤ ‹አይ፣ እኔም አለሁ› በዪ።» በቃላቱ መገጣጠም ራሳቸው ተደሰቱና ደግመው አሉት። እኔም ከዚያ በኋላ «አይ»ን አሳንሼ አልጻፍኋትም።

በጣም የደከምሁት ግን ማቆሚያው ላይ ነው። ስለማውቀው ነገር ጻፊ ስላሉኝ እናት ቤት ውስጥ ናት የሚል ዓረፍተ ነገር ይዤ ሄድሁና አነበብሁ።

«ካፒታል፣ ዘ ማዘር ኢዝ፣ ፉል ስቶፕ—»

ከዘራው መታ። «ምን ናት?»

«እ?»

«እናትየው ናት ብለሽ ዘጋሽባት። ምን ናት? የት ናት? በሩን ቆልፈሽ እኔን ውጭ ተውሽኝ እኮ።»

ደብተሬን አየሁት። ብዙ ቦታ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ኢዝ እና አር ካሉ በኋላ ነጥብ አለ። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

«አማርኛው ነው እንዲህ ያደረገሽ» አሉኝ። «የእኛ ግስ በር ዘጊ ነው። ሰው ሁሉ ገብቶ ካበቃ በኋላ መጨረሻ ይመጣል፤ ናት ካልሽ በቃ፣ አለቀ። የእነሱ ግስ መሀል ቤት ነው የሚቀመጠው። ግሱን ስላየሽ አትዝጊ፤ ከኋላው የሚገባ ሰው መኖሩን እይ።»

ይህን ከነገሩኝ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስሄድ ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ ስዘጋና ስከፍት ሰነበትሁ። ዘ ካው ኢዝ ኢን ዘ ፊልድ፣ ፉል ስቶፕ። ዘ ሮድ ኢዝ ባድ፣ ፉል ስቶፕ። ጤፍ የሚያርሙ ሴቶች ብቻዬን ሳወራ አይተው፣ «አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ትምህርት ነው» አልኋቸው። «ታዲያ ጮክ በዪና እኛም እንስማ» አሉኝ። ጮክ አልሁላቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ማሳ በኩል ባለፍሁ ቁጥር አንዷ ቀና ብላ «ፉል ስቶፕ!» ትለኛለች፤ ሌሎቹም ይስቃሉ፤ እኔም ቆሜ ሰላም ብያቸው አልፋለሁ።

ከጎረቤት ቀበሌ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ትምህርቱን ሰምታ አብራኝ መምጣት ጀመረች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ፈጣን ናት። ቃል አንዴ ከሰማች አይጠፋትም። መምህሩ ግን እኔንም እሷንም እኩል ነው የሚያስሯሩጡን። አንድ እሑድ ከወለደች ገና ጥቂት ሰዓት ስለሆናት ሴት አጭር ማስታወሻ እንድንጽፍ አዘዙን። ባልደረባዬ ቀድማ ጨረሰችና አነበበች።

«ኖ ብሊዲንግ፣ ፉል ስቶፕ።»

«ደህና። አንቺስ?» አሉኝ።

እኔ ምልክት ማብዛት ትክክል እየመሰለኝ ነበር። «ኖ፣ ኮማ፣ ብሊዲንግ፣ ፉል ስቶፕ» አልሁ።

ከዘራው አልመታም። ይልቅ መሬቱ ላይ አጋድመውት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የእሷ ማስታወሻ ደም የለም ይላል። የአንቺ ግን ‹ደህና ናት ወይ?› ብሎ ለጠየቀ ሰው ‹ኧረ ደህና አይደለችም፣ እየደማች ነው› ይላል። አምቡላንስ ጠርተሻል እኮ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እስከዚያ ድረስ ኮማ ጽሑፉን ለማሳመር የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የተጻፈውን ሁሉ ደግሜ ማየት ጀመርሁ፤ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን፣ የክትባት ፖስተር ላይ ያለውን፣ የሉማሜ አውቶቡስ ጎን ላይ ያለውን። አንዳንዱ ላይ የሚጎድለው ምልክት ይታየኛል። መታየቱ ደስ አለኝ።

ባልደረባዬ ግን እየሰለቻት ሄደ። «አንቺ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤» አለችኝ ከመምህሩ ቤት ስንወጣ። «ፈተናው አብዛኛው ምርጫ ነው። እኛ እዚህ ተቀምጠን አንዲት ነጥብ ስንጠራ እንውላለን። ደብረ ማርቆስ የፈተና ጥያቄ እየሠሩ የሚያስጠኑ አሉ፤ እዚያ ልሂድ ብያለሁ። አብረን እንሂድ።»

«አንቺ ሂጂ፤» አልኋት። «እኔ መጻፍ ካልቻልሁ ባልፍም ትምህርቱ ውስጥ እሰምጣለሁ። እዚሁ እቆያለሁ።»

«መምህርን ይከፋቸው ይሆን?»

«ራስሽ ንገሪያቸው። በእንግሊዝኛ።»

ነገረቻቸው። በትክክል ነገረቻቸው፤ ካፒታሏንም፣ ማቆሚያዋንም ጠርታ። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህን ያህል አሳምሮ የሚሄድ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም፤ መንገድሽን ያቅናው» ብለው መረቋት።

ፈተናው ሊደርስ ሲል በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘጋ። አንድ ሳምንት ይከፈታል ተባለ፤ አልተከፈተም። መኪና ቀረ፤ ስልክ ቀረ፤ ፈተናው መራዘሙን የሰማነው ከደብረ ማርቆስ በእግሩ ከመጣ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ተክዞ ነበር፤ እኔም ሥራው ነበረብኝ፤ መድኃኒት እያለቀ፣ እናቶችን ወደ ሆስፒታል መላክ እየቸገረ። መምህሩ ግን እሑድ ስሄድ ከወትሮው ቀደም ብለው መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መንገዱ ተዘጋ፤» አሉ። «ዛሬ የጥያቄ ምልክት እንማራለን።»

እንግሊዞቹ ሲጠይቁ ቃሉን እንደሚያገላብጡት፣ ዱ እና ደዝ ከፊት እየቀደሙ እንደሚገቡ፣ እኛ በድምፃችን ብቻ የምናደርገውን እነሱ በቃል ቅደም ተከተል እንደሚያደርጉት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደዝ ከገባ ከግሱ ላይ ያለችው ኤስ ትጠፋለች፤ «ሁለት ቦታ አትበላም፤ ደዝ ላይ በልታለች» ይላሉ መምህሩ። በዚያ ሰሞን የጻፍኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከልቤ የመጡ ነበሩ። መንገዱ መቼ ይከፈታል? መድኃኒቱ መቼ ይመጣል? መምህሩ እያንዳንዱን እስከ ምልክቱ ድረስ ሰምተው «ጥያቄው ልክ ነው» ይላሉ። መልሱን እኔም እሳቸውም አናውቀውም። ባለቤታቸው ቆሎ ያመጡልናል፤ እሱን እየቆረጠምን እንቀጥላለን።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ፤ ፈተናውም ተጠራ። ማለዳ ከአምበር በሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ባልደረባዬን ከሩቅ አየኋት፤ እጇን አነሣችልኝ። ምርጫውን ሠራሁ፤ አንዳንዱን አወቅሁት፣ አንዳንዱን ገመትሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እንደ በፊቱ ስለ ሥራችሁ ጻፉ ይላል።

አልቸኮልሁም። ስለ አንዲት እናት ልጽፍ ወሰንሁ፤ ቤቷ ሩቅ ስለሆነ በቃሬዛ ተሸክመን ስላወረድናት፣ ልጇም ስለተረፈላት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ፤ ዘጋሁ። ሌላ ጻፍሁ። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ኖሯል፤ ፈታኙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«እኅቴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከነጥቡ ጋር» አልሁት።

ግራ ገብቶት ወረቀቴን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አየ። ምንም የለም። «በልብሽ አውሪ» ብሎኝ ሄደ። ቀሪውን በልቤ ጠራሁት። ስጨርስ ገጹ አልሞላም ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራስ አለው፣ መጨረሻ አለው። ወረቀቱን ሳስረክብ ማለፌን አውቄ ነበር። ውጭ ወጥቼ ብርቱካን ገዝቼ አጥር ሥር ተቀምጬ በላሁ።

ውጤቱ ሲመጣ አልፌያለሁ። ባልደረባዬም አልፋለች፤ እንዲያውም በጥቂት ነጥብ በልጣኛለች። ስልክ ደውላ «አላልሁሽም? ምርጫው ነው ዋናው!» ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። በእንጨት ሽታ የተሞላው የባለቤቴ ሥራ ቦታ ሄጄ ነገርሁት፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ።

ኮቴዬን ያውቁታል። ገና ከበሩ ሳልገባ፣

«በአማርኛ እንዳትነግሪኝ» አሉኝ።

ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ባለቤታቸውም ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆሙ።

«አይ ፓስድ ዘ ኢግዛም፣ ፉል ስቶፕ» አልሁ።

«አይዋ ትልቅ ናት?»

«ትልቅ ናት።»

ባለቤታቸው እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸው እልል አሉ። መምህሩ ከዘራቸውን ፈልገው ቆሙና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨብጫቸው ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ዓይናቸው እንባ አልነበረውም፤ የእኔ ነበረው።

ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ስገባ ከዚያችው ባልደረባዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። እሷ ኮምፒዩተሩን ታሳየኛለች፤ እኔ ዓረፍተ ነገሯን አነብላታለሁ፤ ምልክቱን ጮክ ብዬ ስጠራ መጀመሪያ ጆሮዋን ትይዝ ነበር፤ ኋላ ኋላ እሷም ትጠራ ጀመር። ማብራሪያ አቅርቡ ስንባል የመጀመሪያው ቀን ፈርቼ ነበር። ቢሆንም የት እንደምጀምርና የት እንደማቆም አውቅ ነበር፤ በዚያ መሀል ያለው ደግሞ ዓመታት የሠራሁት ሥራ ነው። ተናገርሁ፤ ተጠየቅሁ፤ መለስሁ። ትምህርቱን በጊዜው ጨርሼ አሁን ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የሪፈር ወረቀቱንም በእንግሊዝኛ ራሴ እጽፋለሁ።

መምህሩ ቤት ደግሞ ትምህርቱ በእሑድ ብቻ አልቀረም። እኔ እንደሄድሁ የጎረቤት ልጆች እናቶች እየመጡ «ለነርሷ ያስተማሩትን ለእኛም ልጆች» አሏቸው። አሁን ከትምህርት ቤት መልስ መደቡ ይሞላል። ግድግዳው ሥር አንዱ «ካፒታል!» ሌላው «ኮማ!» ሲል ከመንገድ ይሰማል። መምህሩ ሬዲዮኑን አሁን የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነው፤ የደም ግፊታቸውንም የምትለካቸው በእኔ ቦታ የተተካችው ሠራተኛ ናት።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ስሄድ ልጃቸው አዲስ ስልክ ልኮላቸው አገኘሁ፤ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ዓይነት ነው። እንዳስተካክልላቸው ሰጡኝና አስተካከልሁት። ስልኩ በሴት ድምፅ እንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረ። መምህሩ ጆሯቸውን ገልጠው በጥሞና ሰሙ። ልጆቹም ከበቡን። ሁለት ሦስት መስመር እንዳነበበ መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«አስቁሚያት፤» አሉኝ። «ሳትተነፍስ ነው የምታነበው። ኮማውን ዋጠችው።»

«ማሽን እኮ ናት፣ መምህር።»

«ብትሆንስ?» ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና ቃሉን እየለዩ «ጎ ባክ፣ ፉል ስቶፕ» አሏት። ስልኩ ዝም አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ከእነሱ ጋር መደቡ ላይ ቦታ ይዤ ተቀመጥሁ፤ የዚያን ቀኑ ትምህርት ስለ ኮማ ነበር።